በበሽሎ ሸለቆ፦ ከደሴ እስከ ደላንታ በመኪና፣ ከተንታ እስከ መቅደላ በእግር

በሽሎን ለማየት ከደሴ የተነሳ ሰው ሂሳቡን የሚስተው ገና ጫፉ ላይ ቆሞ ሲያይ ነው። ወንዙ ከታች እንደ ተጣለ ክር ቀጥኖ ይታያል፤ ማዶ ያለው የደላንታ ሜዳ ቢጣሩ ድምፅ የሚደርስበት ያህል ቅርብ ይመስላል። ነገር ግን ከደጋው ጫፍ እስከ ወንዙ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ፤ ያንኑ የሚያህል ዳገት ደግሞ በማዶ በኩል ይጠብቃል። ቁልቁለቱ መኪናውንም እግሩንም ያባብላል፤ የሚያስከፍለው ዳገቱ ነው። ስለዚህ ውሃውን፣ ስንቁን፣ ነዳጁን፣ ከሁሉም በላይ ሰዓቱን በዳገቱ ልክ ያስቡ። ከዚህ በታች የማካፍላችሁ ሁሉ ከዚህ አንድ ሂሳብ የሚወጣ ነው።

ጉዞውን በሁለት ከፍዬ አቀርበዋለሁ። የመጀመሪያው በመኪና ከደሴ በኩታበር በኩል ወርዶ፣ በሽሎን ተሻግሮ የደላንታ ከተማ ወደሆነችው ወገል ጤና መድረስ ነው። ሁለተኛው ከተንታ ተነስቶ መቅደላ አምባ ድረስ በእግር መሄድ ነው። ሁለቱን ሳይጣደፉ ለማየት አራት ቀን ይበቃል። በሁለት ቀን የሚጨርሱ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ያዩት ግን በአብዛኛው የመኪናውን መስኮት ነው።

መቼ ይሄዳሉ

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ጊዜ የተሻለው ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሜዳው ገና ሙሉ በሙሉ አልደረቀም፤ አየሩ ጥርት ያለ ስለሆነ ማዶው ቅልብጭ ብሎ ይታያል። ከታኅሣሥ በኋላ አቧራና የቆላ ጭጋግ እየጨመረ ይሄዳል።

ወሎን የማያውቅ እንግዳ ብዙ ጊዜ የሚረሳው በልግን ነው። በሌላው የሀገራችን ክፍል የካቲትና መጋቢት በጋ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በእነዚህ ደጋዎች ግን የበልግ ዝናብ የሚጠበቅበትና ገብስ የሚዘራበት ወቅት ነው። ገበሬው ሰማዩን ቀና ብሎ እያየ የሚጸልይለት ዝናብ ለመኪናዎ ጭቃ ይሆናል። በየካቲትና በሚያዝያ መካከል የሚሄዱ ከሆነ በፕሮግራምዎ ላይ አንድ ትርፍ ቀን ይጨምሩ። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ባይሞክሩት ይሻላል። ድንጋይ ይናዳል፣ መንገዱ ይቆረጣል፣ ወንዙም ጠይሞ ይሞላል።

ከመነሳትዎ በፊት

ከሁሉ አስቀድመው የመንገዱን ሰላም ያጣሩ። በአካባቢው ያለው የጸጥታ ሁኔታ ከሳምንት ሳምንት ሊለያይ ስለሚችል፣ ባለፈው ወር የሄደ ወዳጅዎ የነገረዎት ለዛሬ አያገለግልም። አስተማማኙ መረጃ የሚገኘው ደሴ መናኸሪያ ውስጥ፣ ትናንት ከወገል ጤና ወይም ከተንታ ከመጡ ሾፌሮችና ረዳቶች ነው። «መንገድ ሰላም ነው?» ብለው ብቻ አይለፉ። ትናንት በስንት ሰዓት ተነስቶ በስንት ሰዓት እንደ ገባ፣ የት የት ቆሞ እንደ ነበር ይጠይቁ። መልሱ ካላማረዎት ጉዞውን ያቆዩት፤ ሸለቆው የትም አይሄድም።

ቀጥሎ ከባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ያስጽፉ፤ መታወቂያዎንም ከእጅዎ አይለዩ። ደብዳቤው ቀበሌ ሲደርሱና ፍተሻ ላይ ሲቆሙ ንግግሩን ያሳጥራል፤ መንገድ መሪ ሲፈልጉም በር ይከፍታል። ጥሬ ገንዘብ በትናንሽ ኖት ይያዙ፤ ገጠር ውስጥ ለሁለት መቶ ብር መልስ መፈለግ ሰውን ማስቸገር ነው። የስልክ ኔትወርክ ገደል ውስጥ ስለሚጠፋ፣ ከመውረድዎ በፊት ለቤተሰብ «እስከዚህ ሰዓት ካልደወልኩ» ብለው ቁርጥ ያለ ሰዓት ይንገሩ።

ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ወገል ጤና ደግሞ ከዚያም ትበልጣለች። ከቆላ ወይም ከውጭ ሀገር የመጣ ሰው ደሴ ላይ አንድ ሌሊት አድሮ ሳንባውን ቢያለማምድ ይጠቀማል። በአውሮፕላን ለሚመጣ ማረፊያው ኮምቦልቻ ነው፤ ከዚያ ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድ ራሱ የመጀመሪያው የዳገት ትምህርት ይሆንለታል።

መኪናው

ከፍ ያለ፣ ባለ አራት ጎማ ነጂ መኪና ይመረጣል። የግል መኪና የሌለው ከመናኸሪያው የሕዝብ ማመላለሻ ይሳፈራል፤ በዚያ የሚሄድ ማለዳ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ይገኝ። የመጀመሪያው መኪና ካመለጠ ቀጣዩ እስኪሞላ መጠበቅ ነው።

የግል መኪና ካለዎት ከደሴ ሳይወጡ አንድ መካኒክ ስለ ፍሬን ብቻ ይመርምረው። የፍሬን ሸራው ምን ያህል እንደ ቀረ፣ የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደ ተቀየረ፣ ቱቦው እንዳልላበ ይይ። ያረጀ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የሳበ ዘይት ደግሞ በረጅም ቁልቁለት ሲግል ቶሎ ይፈላል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል። ስኮርታ ጎማው በነፋስ መሞላቱን፣ ክሪኩና የጎማ መፍቻው መኖራቸውን በዓይንዎ ይዩ። ሁለት ጠንካራ ታኮ ይጨምሩ፤ ዳገት ላይ ጎማ ለመቀየር ከክሪኩ እኩል ያስፈልጋሉ። ለራዲያተር የሚሆን 10 ሊትር ውሃ ለብቻው ይያዙ፤ ከሚጠጣው ጋር አይቀላቅሉት። ነዳጅ ደሴ ላይ ሙሉ በሙሉ ይሙሉ።

ቁልቁለቱ

ከደሴ ኩታበር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወገል ጤና ደግሞ ከደሴ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ትጠጋለች። ቁጥሩ አያታልልዎት። ይህን መንገድ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ይለኩት፤ ለፎቶና ለፍሬን ማቀዝቀዣ የሚቆሙበትን ጨምረው ግማሽ ቀን ይመድቡለት።

መውረድ ሲጀመር ሕጉ አንድ ነው፦ ያንን ዳገት ለመውጣት በሚያስገቡት ማርሽ ይውረዱ። በሁለተኛ ማርሽ የሚወጣውን በሁለተኛ ይወርዱታል። ሞተሩ ይጩህ፤ የሚጮኸው መኪናውን እየያዘልዎት ነው። ፍሬን ሲረግጡ ጠበቅ አድርገው ረግጠው ፍጥነቱን ይቀንሱና ይልቀቁ፤ እግርዎን ፔዳሉ ላይ ደርበው እየተንሸራተቱ አይሂዱ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ መንሸራተት በዚህ ቁልቁለት ላይ ነፍስ ማስያዝ ነው።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለደረሰብኝ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በወረድኩበት ቀን የተሳፈርኩበት መኪና ሾፌር ከጫፉ ጀምሮ በሦስተኛ ማርሽ በፍሬን ብቻ ሲያወርደን ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ የተቃጠለ ጨርቅና ብረት የተቀላቀለበት የሚመስል ሽታ ገባ። አጠገቤ የነበሩ እናት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው «ሸራው ነው ልጄ፣ አቁም በሉት» አሉ። ሾፌሩ ሲያቆም ከኋላ ጎማው ጭስ እየወጣ ነበር። ረዳቱ ጀሪካን ይዞ ሮጦ ውሃ ሊያፈስበት ሲል አንድ ሌላ ተሳፋሪ እጁን ያዘው። ልክ ነበር፤ የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስ ይሰነጠቃል። ሽታው ሲመጣ መኪናውን ማቆም፣ ታኮ ማድረግ፣ ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጥላ ውስጥ መቀመጥ እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም። የእጅ ፍሬኑንም በዚያ ሰዓት አይሳቡት፤ የጋለው ክፍል ሊጣበቅ ይችላል።

ጠመዝማዛው ላይ ከመግባትዎ በፊት ጡሩምባ ይንፉ። ጠባብ ቦታ ላይ ዳገት ለሚወጣው ይቆሙለት፤ እሱ አንዴ ከቆመ እንደገና ማስነሳት ይከብደዋል። ከብት፣ አህያና ግመል ሲያጋጥም ሞተሩን ሳያስጮሁ ቀስ ብለው ይለፉ፤ ለእረኛው እጅ ማንሳትዎንም አይርሱ።

ለመቆም ሰፋ ያለ ቦታ ሲያገኙ ደግሞ ወርደው የተቆረጠውን ግድግዳ ጠጋ ብለው ይመልከቱት። ጥቁሩ ድንጋይ ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ስንጥቅ ፈልቆ ሜዳውን ያጥለቀለቀው እሳተ ገሞራ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ አልፈሰሰም። በአንዱ ጥቁር ንብርና በሌላው መካከል እጅ የሚያህል ቀይ መስመር ያያሉ፤ በጣትዎ ቢፍቁት እንደ ሸክላ ዱቄት ይወጣል። ያ አፈር ነበር። አንዱ ፍሰት ከቀዘቀዘ በኋላ ፈርሶ አፈር ሆነ፣ ሣር በቀለበት፤ ከዚያ የሚቀጥለው ፍሰት መጥቶ እንደ ጡብ ጠበሰው። በአንዳንድ ቦታ ጥቁሩ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ እየተሰነጠቀ ባለ ብዙ ማዕዘን ዓምድ ሠርቷል፤ ሰው የጠረበው ነው ብሎ የሚከራከር ቢገጥምዎት አይፍረዱበት። በሽሎ ይህን ሁሉ ንብርብር እንደ ቢላ ቆርጦ አጋድሞታል።

ሲወርዱ አየሩም አብሮ ይለወጣል። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ ወደ 0.6 ዲግሪ ይጨምራል፤ ስለዚህ ጠዋት ጋቢ ተከናንበው የተነሱት ሰው ወንዙ ዳር ሲደርሱ በሸሚዝ ነዎት። ገብሱና ባህር ዛፉ ወደ ላይ ይቀራል፤ ጤፉ ይመጣል፤ ከዚያ ማሽላው፣ ግራሩና ቁልቋሉ ይተካል። በአንድ ቀን ጠዋት ደጋን፣ ወይና ደጋንና ቆላን በዓይን ማየት የሚቻልበት መንገድ እንደዚህ ያለ ጥቂት ነው።

ወንዙ ዳር

ድልድዩ አጠገብ እረፍት ያድርጉ፤ መኪናዎም ይብረድ። ሦስት ነገር ግን ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ ቆላው ወባ አለበት፤ የግድ ማደር ካለብዎት አጎበር ይዘርጉ፤ እኔ ግን ደጋው ላይ ማደርን እመርጣለሁ። ሁለተኛ፣ የወንዙን ውሃ ሳያክሙ አይጠጡ፤ ያፍሉት ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ ጨምረው በመመሪያው ላይ የተጻፈውን ያህል ይጠብቁ። ሦስተኛ፣ ደረቅ አሸዋ ላይ መኪና አያቁሙ፣ ድንኳንም አይትከሉ። እርስዎ ያሉበት ሰማይ ጥርት ያለ ቢሆንም ላይኛው ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ ሳይታሰብ ሊደርስ ይችላል። ውሃው ቀለሙ ሲለወጥና ገለባ ይዞ መውረድ ሲጀምር ነገሮችዎን ሰብስበው ወደ ከፍታ ይውጡ።

በዚህ ወንዝ ላይ በ1860 ዓ.ም. ሁለት ጦር ተሻግሯል። መጀመሪያ ያለፉት አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ጋፋት ላይ ያሠሩትን፣ ክብደቱ ወደ 7 ቶን የሚጠጋውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር መቅደላ ለመድረስ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል። የጅጣንና የበሽሎን ገደል ለመድፍ የሚሆን መንገድ እያስቆፈሩ፣ ራሳቸውም ድንጋይ እያነሱ አለፉ። ከእሳቸው በኋላ በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ከህንድ ያመጣቸውን 44 ዝሆኖች ይዞ መጣ፤ ወደ በሽሎ የወረደውም ንጉሡ ባስቆፈሩት መንገድ ነው። መኪናዎ ሁለተኛ ማርሽ ውስጥ ሆኖ እያቃሰተ ወደ ደላንታ ሲወጣ ያንን መድፍ ያስቡት።

የማዶው ዳገት ላይ የሙቀት መለኪያውን ከዓይንዎ አያርቁ። ቀስቱ ሲወጣ ማቀዝቀዣውን ያጥፉና ማሞቂያውን ይክፈቱ፤ ተሳፋሪው ቢያማርርም የሞተሩን ሙቀት ይስብልዎታል። አሁንም ካልወረደ ነፋስ ወደሚመጣበት አፍንጫውን አዙረው ያቁሙት። የራዲያተሩን ክዳን ግን ሲግል አይንኩት፤ ፊትን የሚልጥ እንፋሎት ነው የሚወጣው።

ደላንታ

ወገል ጤና ሲገቡ ቶሎ አልጋ ይያዙና ከመጨለሙ በፊት ወደ ገደሉ ጫፍ ይመለሱ። ከአመሻሹ 11 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ያለው ብርሃን ከጎን ስለሚመጣ እያንዳንዱን ንብር ለይቶ ያሳያል። ከጫፉ ሁለት ሜትር ርቀው ይቁሙ፤ ሣሩ የሸፈነው ጫፍ ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ጭላዳ ካጋጠመዎት ደግሞ ተቀምጠው ይዩት። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለም፤ ሣር ነቅሎ የሚበላ፣ ማታ ማታ ገደል ላይ የሚያድር እንስሳ ነው። ምግብ አይወርውሩለት። ቆሎ የለመደ ጭላዳ ነገ የገበሬውን ማሳ ይገባል፤ ለዚያም ነፍሱን ይከፍላል። ከላይ ደግሞ አጥንት ከድንጋይ ላይ ጥሎ እየሰበረ የሚበላው ትልቁ አሞራ ሲያንዣብብ ሊያዩ ይችላሉ።

ኦፓል ስለሚባለው የከበረ ድንጋይ ጥቂት ልበል፤ ወገል ጤና የደረሰ ሰው ሳይቀርብለት አይመለስምና። ይህ ድንጋይ እዚህ የታወቀው በ2000 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሚወጣው ገደሉ ወገብ ላይ ካለ አንድ ስስ ንብር ነው። አንድ ወጣት ነጭ፣ ወተት የመሰለ ፍሬ በመዳፉ ይዞ አሳየኝና የቡና ስኒ ውስጥ ውሃ አድርጎ ከተተው። ትንንሽ አረፋ ሽቅብ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ነጩ ድንጋይ እየጠራ፣ ቀለሙ ሁሉ እየጠፋ እንደ ብርጭቆ ሆነ። «ደርቆ ሲያድር ይመለሳል ጋሼ» አለኝ፤ በማግስቱ አየሁት፣ ተመልሷል። የደላንታ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ እርጥብ ሆኖ የሚቀርብልዎትን አይግዙ፤ ስንጥቁም እውነተኛ ቀለሙም የሚታየው ደርቆ ሲያዩት ነው። ከገዙት በኋላም ከዘይትና ከሳሙና ያርቁት። ፈቃድ ካለው ነጋዴ ብቻ በደረሰኝ ይግዙ። የሚቆፈርበት ዋሻ ውስጥ ግን ማንም ቢጋብዝዎት አይግቡ፤ ያ ንብር ከላዩ ሲናድ የብዙ ወጣት ሕይወት ቀጥፏል።

ከዚህ ወደ ደሴ መመለስ የማይፈልግ ሰው ወደ ጋሸና ወጥቶ ከወልድያ ወረታ የሚሄደውን አስፋልት ይይዛል፤ ላሊበላ የሚገነጠለውም ከዚያው ነው። እኛ ግን መቅደላ ስለቀረን እንመለሳለን።

ከተንታ ወደ መቅደላ በእግር

ተንታ ደርሰው ያድሩ። ራስ ሚካኤል፣ በኋላ ንጉሥ የሆኑት፣ መቀመጫቸውን ወደ ደሴ ከማዞራቸው በፊት የነበሩባት ከተማ ናት፤ ስለዚህ ለአዳር ብቻ የምትታለፍ አይደለችም። ማታውኑ ደብዳቤዎን አሳይተው መንገድ መሪ ይያዙ። ዋጋውን፣ ምሳው በማን እንደሆነ፣ በቅሎ ካስፈለገም ኪራዩን ቁርጥ አድርገው ይነጋገሩ። ከጉዞ በኋላ መከራከር ለሁለቱም ወገን አሳፋሪ ነው። ያለ መሪ መሄድን አልመክርም፤ የእረኛ መንገድ ብዙ ነው፣ አንዳንዱም ገደል አፋፍ ላይ ያበቃል።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ይነሱ። መሄጃው ብቻ እንደ እግርዎ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይወስዳል። እኩለ ቀን ላይ አምባው ላይ ካልደረሱ ያሉበት ቦታ ሆነው ይመለሱ፤ ይህንን ለመሪዎ ጠዋቱኑ ይንገሩት፣ ያን ጊዜ እግርዎ ከልብዎ ጋር ሲሟገት እሱ ያስታውስዎታል።

የሚይዙት ቀላል ይሁን። ለአንድ ሰው ከ3 እስከ 4 ሊትር ውሃ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሎሚ፣ ትንሽ ጨውና ስኳር፤ ለፀሐይ ሰፊ ባርኔጣ፤ ለነፋሱ አንድ ወፍራም ልብስ፤ በትር። ጫማው ያረጀና እግርዎን የለመደ ይሁን። ለዚህ ጉዞ አዲስ ጫማ ገዝቶ የመጣ ወዳጄ ተረከዙ ተልጦ በበቅሎ ነው የተመለሰው። የእግር ጥፍርዎን ከዋዜማው ይቁረጡ፤ ቁልቁለት ላይ የጫማውን አፍ እየመታ የሚያደማው እሱ ነው።

ቁልቁለት ሲወርዱ እርምጃዎን ያሳጥሩ፣ ጉልበትዎን ለቀቅ ያድርጉ፣ ቀጥ ብለው ሳይሆን እየተዘዋወሩ ይውረዱ። በትሩን ከፊትዎ አስቀድመው ይትከሉ። ዳገት ሲወጡ ደግሞ ማውራት በሚያስችልዎት ፍጥነት ይሂዱ፤ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ትንፋሽ ካጠረዎት ፈጥነዋል ማለት ነው። እኔን የመሩኝ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ አባት ነበሩ። የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ውሃዬን በላይ በላዩ ስጠጣ ዞር ብለው አዩኝና «ልጄ፣ አሁን ጥቂት ጥቂት አድርግ። ውሃ የሚጠጣው ዳገቱ ነው» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ዳገቱ መሃል ላይ ቁጭ ስል ደግሞ «አብሽር፣ ይኸው ደረስን» አሉ። አልደረስንም ነበር፤ ግን ተነሳሁ።

በየመንገዱ ለሚያገኙት ሰው ሁሉ ቆም ብለው ሰላምታ ይስጡ፤ «እንዴት አደራችሁ» ብሎ ሳይጠይቁ ማለፍ እዚህ ነውር ነው። ቡና ጠጡ ከተባሉና ጊዜ ካለዎት ይቀመጡ። ሦስቱን፣ አቦሉን፣ ቶናውንና በረካውን ለመጨረስ ሰዓት ከሌለዎት ከመቀመጥዎ በፊት በትሕትና ይናገሩ፤ አንዱን ጠጥቶ ድንገት ብድግ ማለት ያስቀይማል። የሰው ፎቶ ሳይጠይቁ አያንሱ። ለልጆች ገንዘብ ከሚያድሉ ትምህርት ቤቱን ጠይቀው ደብተር ቢሰጡ የተሻለ ይሠራል።

ወደ አምባው ሲቃረቡ ገደሉ ለምን እንደ ተመረጠ ይገባዎታል። ዙሪያው ግንብ የሆነ ተራራ ነው፤ መግቢያው በር እንጂ መንገድ አይባልም። የእንግሊዝ ጦር ሰብሮ የገባው በኮከት በር ነው። ላይ ከወጡ በኋላ ሴባስቶፖልን ያገኙታል፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው ምስሉ ነው፣ ዋናው እዚህ ነው። ጠዋት ከደረሱ መዳፍዎን ያሳርፉበት፤ የሌሊቱን ብርድ ገና ይዞ ያገኙታል። አይውጡበት፣ ስምም አይጻፉበት።

ከዚያ ወደ በሽሎ በኩል ዞረው ይቀመጡ። ከታች የሚታየው አሮጌ የሚባለው ቦታ ነው። የስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ፊታውራሪ ገብርዬና ወደ 700 የሚጠጉ ወገኖች ያለቁበት ሜዳ። ከፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ሚያዝያ 6፣ በሩ ሲሰበር አፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ላለመስጠት ራሳቸውን ሠዉ። ጦሩ አምባውን አቃጥሎ ሲመለስ የዘረፈውን ታቦት፣ ብራናና ዘውድ 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ ተሸክሞት ሄደ። ጨረታ የተደረገበት ቦታ ደግሞ ደላንታ ነው፤ እርስዎ ከሁለት ቀን በፊት በመኪና ያለፉበት ያ ሜዳ። የንጉሡ ጉንጉን ፀጉር ከለንደን የተመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነበር፤ አብዛኛው ቅርስ አሁንም እዚያው አለ። ይህን ሳላስብ እዚያ ጫፍ ላይ መቀመጥ ሆኖልኝ አያውቅም፤ ለዚህ ነው ደላንታን አስቀድማችሁ እዩ የምለው።

አምባው ላይ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አይቆዩ። ምሳዎን እዚያ ይብሉ፣ የላስቲክ ቁራሽ ሳይቀር ቆሻሻዎን ይዘው ይመለሱ። እሳት አያንድዱ፤ በበጋ ሣሩ በአንድ ክብሪት ይያያዛል።

በመመለሻው ላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከጀመረዎት ጥላ ፈልገው ይቀመጡ፣ ውሃውን ከጨውና ከስኳር ጋር ቀስ እያሉ ይጠጡ። ከጓደኛ አንዱ ዝም ካለና መልስ መስጠት ካቆመ ከሚያማርረው ይልቅ ለእሱ ይጨነቁ። ተንታ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት መግባት አለብዎት።

ሌላ ቀን ለተረፈው ደግሞ በደቡብ ወሎ ከመካነ ሰላም የሚደረስበት የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አለ። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት፣ የደንቆሮን ጫካ ያቀፈ ስለሆነ ራሱን የቻለ ጉዞ ይገባዋል፤ ከዚህኛው ጋር አያጣብቁት።

ተንታ እንደ ገቡ የመሪዎን ሂሳብ በተነጋገራችሁት ልክ፣ ከምስጋና ጋር በእጁ ይስጡ። ጫማዎን አውልቀው እግርዎን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይንከሩ። ጠዋት መኪናውን ከማስነሳትዎ በፊት የፍሬን ዘይቱን እንደገና ይዩ፤ ወደ ደሴም ቢሆን የሚወረድ አለ።